ወንዙ ዛሬ ምን ለበሰ?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቃቂ፣ አንድ የወጣት ማዕከል አዳራሽ ውስጥ፣ በዓይን የማይታይ የወንዝና የአፈር ብክለትን በብርሃን ስለመፈለግ ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች "ጻፍልን" ስላሉኝ ከተቀዳው ድምፅ ላይ አሰናዳሁት። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። አዳራሹ ውስጥ የሆነውንም እዚያው በቦታው ገልጬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። የቅዳሜ ከሰዓት ብዙ ሥራ እንዳለበት አውቃለሁ። ልብስ የሚያጥብ አለ፣ ለቅሶ የሚደርስ አለ፣ ማሳ ውሃ የሚያጠጣ አለ። ያን ሁሉ ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ፊት የተቀመጣችሁት አባቶችና እናቶች ደግሞ አብዛኞቻችሁ ሳድግ ያያችሁኝ ናችሁ። ስለዚህ ፈረንጅኛ አላበዛባችሁም።

ልጅ ሆነን ትምህርት ቤት ስንሄድ ድልድዩን እንሻገር ነበር። እዚያ ስንደርስ አንድ ጨዋታ ነበረን። "ወንዙ ዛሬ ምን ለበሰ?" እንባባላለን። አንድ ቀን ሰማያዊ ይሆናል። አንድ ቀን እንደ ጠላ ጠቆር ያለ ቡናማ። አንዳንዴ ነጭ አረፋ እንደ ነጠላ ይለብሳል። ቀድሞ በትክክል የገመተ ያሸንፋል፣ የተሸነፈ ቆሎ ያካፍላል። ጨዋታ ብቻ ነበር የሚመስለን። ቤት ስገባ እናቴ እግሬን አይታ "ዛሬም ውሃው ውስጥ ገባህ?" ብላ ትቆጣ ነበር። ምን እንዳስፈራት የገባኝ ቆይቶ ነው። ቀለሙ ከላይ ከፋብሪካዎች የሚለቀቅ ማቅለሚያና የቆዳ ኬሚካል ነበር።

ዛሬ ያንን ጨዋታ ነው ይዤላችሁ የመጣሁት። ጥያቄው ግን ትንሽ ተለውጧል። ወንዙ ምንም ሳይለብስ የሚውልበት ቀንስ? ውሃው ጠርቶ፣ አፈሩ አፈር መስሎ፣ ጎመኑ ለምለም ሆኖ በሚታይበት ቀን ምን እንዳለበት በምን እናውቃለን?

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳህኖች አሉ። ሦስቱም ላይ ነጭ ዱቄት ነው ያለው። አንዱ ፉርኖ ዱቄት ነው። አንዱ ጄሶ ነው፣ ኮርኒስ የሚሠራበት። ሦስተኛው ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ ነው፣ ከርሞ የቆየ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ወጥቶ የሚለይልኝ ሰው አለ?

(አንድ ወጣት ወጣና ጄሶውን ፉርኖ ነው አለ። ቀጥለው አንዲት እናት ወጡ። ወንዙ ዳር አትክልት የሚያለሙ ናቸው። ከሦስቱም ቆንጠር እያደረጉ በጣታቸው ፈተጉና ፉርኖውን ወዲያው አገኙት። አዳራሹ አጨበጨበላቸው።)

አያችሁ፣ እናታችን ያወቁት በዓይናቸው አይደለም፣ በጣታቸው ነው። ዓይን ሦስቱንም ነጭ ብሎ አለፋቸው። ጤፍ ውስጥ ጄሶ ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና ስንሰማ የምንደነግጠው ለዚህ ነው። ዓይናችን እንደሚሸወድ እናውቃለን።

አሁን ይህችን መሣሪያ ተመልከቱ። የእጅ ስፔክትሮሜትር ትባላለች፣ ከነገሮች ላይ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ከፋፍላ የምትለካ ናት። የእኔ አይደለችም፣ ተውሼ ነው። በመጀመሪያ ይህን ነጭ ሰሌዳ አሳያታለሁ። ሥጋ ቤት ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መሆኑን እንደምናየው ማለት ነው፤ ዛሬ ያለው ብርሃን ይህን ያህል ነው ብላ ትይዛለች። ከዚያ ወደ ሳህኖቹ። ግድግዳው ላይ የሚወጣውን መስመር እዩት፤ ከእያንዳንዱ የብርሃን ዓይነት ምን ያህሉ እንደተመለሰ ያሳያል። የብርሃኑን ዓይነት የምንለየው በሞገዱ ርዝመት ነው፣ መለኪያውም ናኖሜትር ይባላል። ፉርኖው 2100 ናኖሜትር አካባቢ ሰመጥ ይላል። ስታርች ነው እንዲህ የሚያደርገው። ኖራው ከአየር ጋር ቆይቶ ወደ ካርቦኔት ስለተለወጠ 2340 አካባቢ ይሰምጣል። ጄሶው ደግሞ ከ1440 እስከ 1540 ባለው ላይ ሦስት ደረጃ ይሠራል፣ ልክ እንደ ቤት ደረጃ። ያ ደረጃ ጄሶው ውስጥ የታሰረው ውሃ ፊርማ ነው። ዓይን አንድ ነው ያለው ነገር ሦስት የተለያየ ፊርማ አለው።

ይህ እንዴት ሆነ? ዓይናችን ቀለምን የሚለየው በሦስት ዓይነት ሕዋስ ነው። የስልካችሁ ካሜራም እሱን ተከትሎ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ነው የሚመዘግበው። የምናየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ብርሃን ዓይን አያውቀውም እንጂ እንደማንኛውም ብርሃን ከፀሐይ ይመጣል፣ አፈሩ ላይ ያርፋል፣ ተመልሶ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሸል የሚባል የሥነ ፈለክ ሰው የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ የእያንዳንዱን ቀለም ሙቀት በቴርሞሜትር ለካ። ከቀዩ ወዲያ፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ላይ ያለው ቴርሞሜትር ደግሞ ከቀዩም በላይ ሞቀ። ኢንፍራሬድ የምንለው ብርሃን የተገኘው እንዲህ ነው።

አሁን ክራር የሚመታ ሰው ካለ ይርዳኝ። እያንዳንዱ ክር የራሱ ድምፅ አለው አይደል? ነገሮች ሁሉ የተሠሩባቸው ሞለኪውሎችም እንደዚያው ናቸው። ካርቦንና ሃይድሮጅን የተያያዙበት ትስስር እንደ ክር ይርገበገባል። ዋናው ድምፁ 3400 ናኖሜትር አካባቢ ነው። የክራሩን ክር እኩሌታው ላይ በጣት ነካ አድርጋችሁ ብትመቱት ያው ድምፅ ቀጠን ብሎ ይሰማል። የካርቦንና የሃይድሮጅኑም ቀጭን ድምፅ በግማሹ፣ 1700ን አለፍ ብሎ ይገኛል። እዚያ ቦታ ላይ ብርሃኑን ይውጠዋል። ናፍጣ፣ የሞተር ዘይት፣ ፕላስቲክ ሁሉም ካርቦንና ሃይድሮጅን ናቸው። ስለዚህ አፈር ላይ ዘይት በብዛት ከፈሰሰ 1730 አካባቢና 2310 አካባቢ መስመሩ ይጎድላል። ንጹሕ አፈር ላይ እነዚያ ጉድለቶች አብረው አይመጡም።

ሃይፐርስፔክትራል ካሜራ የሚባለው ይህችን የእጅ መሣሪያ ወደ ካሜራ የቀየረ ነው ብላችሁ ያዙት። የፎቶው እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቀለም ሳይሆን ሁለት መቶ ምናምን ቀለም ይይዛል። የአሜሪካው ናሳ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፕላን ሲያበርረው የቆየው አቪሪስ የሚባል መሣሪያ ከ400 እስከ 2500 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን 224 ቦታ ይከፍለዋል። ርዝመቱም ስፋቱም 1000 ነጥብ የሆነ አንድ ምስል 224 ሚሊዮን ቁጥር ይሆናል ማለት ነው። በስልካችሁ ያነሳችሁት ያንኑ የሚያህል ፎቶ 3 ሚሊዮን ቁጥር ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን ነጥብ መስመር ከሚታወቁ ፊርማዎች ጋር እያስተያየ ካርታ ያወጣል። "እዚህ ሸክላ አፈር፣ እዚህ ዘይት፣ እዚህ ቅጠል" እያለ።

ይህ ወረቀት ላይ የቀረ ነገር አይደለም። በጣም የምወደው ታሪክ ሌድቪል የምትባል የኮሎራዶ ከተማ ታሪክ ነው። የድሮ የማዕድን ከተማ ናት። ከጉድጓድ እየወጣ የተከመረው ድንጋይ በየቦታው ተዘርግቶ ነበር። ከክምሮቹ የትኛው ነው አሲድ እያመነጨ እርሳስና ሌላ መርዛማ ብረት ወደ ወንዝ የሚያወርደው? ሁሉም ቡናማና ቢጫ ነው፣ በዓይን አይለይም። እያንዳንዱን ክምር ቆፍሮ ላብራቶሪ መላክ ዓመታት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1995 አቪሪስ በላዩ በረረ። ካሜራው እርሳሱን አላየም። ያየው ጃሮሳይት የሚባል ማዕድን ነው። ጃሮሳይት የሚፈጠረው ኃይለኛ አሲድ ባለበት ብቻ ነው። ስለዚህ ጃሮሳይት የታየበት ክምር አሲዱ የሚመነጭበት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በዚህ ካርታ የተነሳ ጽዳቱ ሁለት ዓመት እንደተፋጠነና ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የምርመራ ወጪ እንደዳነ ገምቷል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ካሜራው ሌባውን አላየውም፣ ሌባው በሄደበት ሁሉ የሚቀረውን ዱካ ነው ያየው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ስለ ጎመናችሁ ሳወራ እመለስበታለሁ።

ኒውዮርክ ላይ ሁለቱ ሕንፃዎች በወደቁ በአምስተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 2001፣ ይኸው መሣሪያ በላያቸው በርሮ አቧራው ውስጥ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን የት የት እንዳለ ለመፈለግ አገልግሏል። በ2010 ደግሞ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ የፈሰሰው ድፍድፍ ዘይት የት ወፍራም እንደሆነ፣ የት ስስ እንደሆነ ለመገመት በረረ። ያኔም የሠራው ያ የክራር ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንግባ።

ሁለቱን አቃቂዎች ታውቋቸዋላችሁ። ትልቁ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከእንጦጦ በኩል ይመጣል። ትንሹ ከወጨጫ በኩል ይነሳል። ከተማውን ሁሉ አልፈው፣ የከተማውን ሁሉ ተሸክመው፣ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። እኛ ታች ነን። ላይ ያለ ሰው የደፋውን ታች ያለ ሰው ይጠጣዋል፣ ያጠጣዋል፣ ይበላዋል። ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም የምንበላው። ዛሬ እዚህ የተቆረጠ ቆስጣ ነገ ጠዋት ቦሌ ጉሊት ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንዙ ዳር ካሉ ማሳዎች አፈር ወስደን ነበር። የላብራቶሪ ገንዘብ ያለን ለስድስት ናሙና ብቻ ነው። ስድስት ቦታ ቆፈርን፣ በላስቲክ ቋጥረን ወሰድን። ውጤቱ "ከገደብ በታች" ሆኖ መጣ። ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም። ያንን ወረቀት ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ስሄድ ኃላፊው አየት አድርጎ "በቃ፣ ችግር የለም ማለት ነው" አለኝ። ዶሴው ተዘጋ። በሚቀጥለው በጋ አንድ ገበሬ ማሳውን እያሳየኝ እያለ እግሬ ቀጥ አለ። ቆፍረን የወሰድንባቸው ቦታዎች በሙሉ ከመስኖ ቦዩ በላይ ነበሩ። የወንዙ ውሃ የማይደርስባቸው ናቸው። ለመቆፈር የሚመቸንን፣ ደረቁን ቦታ ነበር የመረጥነው። ላብራቶሪው አልዋሸም። እኛ ነን የተሳሳተ ቦታ የጠየቅነው። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፣ ምክንያቱም ሰው አምኖበታል።

ይህን ሙያ የያዝኩት ከዚያ በኋላ ነው። የት መቆፈር እንዳለበት የሚነግረኝ ነገር ፈልጌ ነው።

እሺ፣ ይህ ካሜራ አቃቂ ላይ ቢበር ምን ያያል? ዘይት ያያል። ከቃሊቲ እስከዚህ ድረስ መንገዱ ዳር ያሉትን ጋራዦች አስቡ። ተሳቢና ሲኖ ትራክ ዘይት የሚቀየርበት መሬት ጠቁሮ፣ ጠጥሮ አስፋልት መስሏል። ክረምት ሲመጣ ዝናቡ ያንን አጥቦ ወደ ቦይ ያወርዳል። ይህ ለካሜራው ቀላል ሥራ ነው። የፕላስቲክ ክምርም ያያል።

የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭስ? ቆዳ የሚለፋው በክሮም ጨው ነው። ከማሽኑ የሚወጣው ቆዳ ሰማያዊ ስለሆነ ሠራተኞቹ ዌት ብሉ፣ ርጥብ ሰማያዊ፣ ይሉታል። ያ ሰማያዊ ራሱ የክሮሚየም ፊርማ ነው። ዝቃጩ ደርቆ ሜዳ ላይ ከተደፋ ክሮሚየሙ በኪሎ በግራም ስለሚቆጠር የመታየት ዕድል አለው። ማሳ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ያለው መርዛማ ብረት በአንድ ኪሎ አፈር በሚሊግራም የሚቆጠር ነው። ካድሚየምም እርሳስም በዚህ መጠን ለካሜራው አይታዩም። "ካሜራው እርሳስ ያያል" ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። የሚታየው ዱካው ነው። ብረቶቹ ከሸክላ አፈር፣ ከዝገትና ከበሰበሰ ነገር ጋር ይጣበቃሉ። እነዚህን ካሜራው ያያቸዋል። ከዚያ ከላብራቶሪ ውጤት ጋር አገናኝቶ "እንዲህ ያለው አፈር ላይ ብዙ ጊዜ ብረት ይገኛል" ማለት ይቻላል። እሱም እዚሁ፣ በእኛው አፈር ላይ ከተለማመደ ብቻ ነው። የሌላ አገር ቀመር ቀድቶ ማምጣት አይሠራም።

የእኛ አፈር ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ዋልካ ነው። ክረምት ጫማ የሚቀማ፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሰነጠቅ። ጥቁር ስለሆነ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል፣ ለካሜራው የሚመልስለት ጥቂት ነው። ስንጥቁ ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል። በበጋ መጨረሻ የተለቀቀ ውሃ በስንጥቁ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ካሜራው የሚያየው የላይኛውን ቆዳ ብቻ ነው፣ ከሚሊሜትር የማይዘል። ከላይ ንጹሕ፣ ከታች የተበከለ መሬት ሊኖር ይችላል።

አፈሩ ርጥብ ሲሆን ውሃው ሌሎቹን ፊርማዎች ይሸፍናቸዋል። ክረምት ደመና ነው። በበጋ መጨረሻ የመንገዱ አቧራ ሁሉንም ያለብሰዋል። የቀረን ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ያለው ጥሩ ፀሐይ ነው።

አሁን ጎመኑ፣ ማለት ቆስጣው። ዛሬ ሁለት ቆስጣ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ከእናቴ ጓሮ ነው፣ በቧንቧ ውሃ የበቀለ። ሌላው ወንዙ ዳር ካለ ማሳ ነው። ቅጠል ቀይ ብርሃን ይውጣል፣ ክሎሮፊሉ ነው የሚውጠው። 700 አካባቢ ሲደርስ ግን መስመሩ እንደ እንጦጦ ዳገት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ተክል ሲጎዳ፣ በብረት መመረዝም ሊሆን ይችላል፣ ያ ዳገት ትንሽ ወደ ግራ ይሸሻል። መጻሕፍቱ የሚሉት ይህን ነው። የትኛው የሚሸሽ ይመስላችኋል?

(ሁሉም ወንዙ ዳር የበቀለውን ጠቆሙ። ለካሁት። የተገላቢጦሽ ሆነ። የተጎዳ የመሰለው የእናቴ ጓሮ ቆስጣ ነው። አዳራሹ ዝም አለ።)

መሣሪያዋ አልተበላሸችም። የወንዙ ውሃ የሽንት ቤትና የቤት ፍሳሽ ስላለበት ናይትሮጅን ሞልቶታል። ለተክል እንደ ዩሪያ ነው። ቅጠሉ ይፋፋል፣ ይጠቁራል፣ ገበያ ላይ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። የእናቴ ቆስጣ ደግሞ ፍግ አጥቶ ገርጥቷል። ቅጠሉ ውስጥ ብረት ይኑር አይኑር ይህ መስመር አይነግረንም። ቅጠል የሚጎዳበት ምክንያት ብዙ ነው። ውሃ ማጣት፣ ምግብ ማጣት፣ ትል፣ ውርጭ። ብረትን ችሎ፣ ለምልሞ፣ ሰው እስኪበላው የሚጠብቅ ተክልም አለ።

ይህን ያሳየኋችሁ በመሣሪያው ተስፋ እንድትቆርጡ አይደለም። ነገ አንድ ሰው ባለቀለም ካርታ ይዞ መጥቶ "ማሳችሁ አረንጓዴ ነው፣ ጤነኛ ነው" ቢላችሁ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት እንድታውቁ ነው። ዱካ ያየ ሰው ሌባውን ያዝኩ ማለት የለበትም። ሌባው አልመጣም ማለትም የለበትም። ቅጠሉ ራሱ ተቆርጦ፣ ተፈጭቶ ላብራቶሪ መግባት አለበት። የካሜራው ሥራ ለስድስት ናሙና ብቻ ገንዘብ ያለው ሰው ስድስቱን ከየት እንደሚያነሳ መንገር ነው። ያኔ ይህ ቢኖረኝ ኖሮ ያ ዶሴ አይዘጋም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሳተላይቱስ የሚል አይጠፋም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የራሳችን ሳተላይት ብርሃኑን ትከፍል የነበረው በጥቂት ሰፋፊ ክፍሎች ነው፣ ለዚህ ሥራ አልተሠራችም። የጣሊያን ፕሪዝማ ከ2019 ጀምሮ፣ የጀርመን ኤንማፕ ከ2022 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ሰማይ ላይ ናቸው፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። መረጃቸውን ተመዝግቦ በነፃ ማውረድ ይቻላል። እዚህ ያላችሁ ተማሪዎች ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ፣ ላፕቶፕና ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው። ችግሩ የአንዷ ነጥብ ስፋት 30 በ30 ሜትር መሆኑ ነው። 900 ካሬ፣ ማለት የአንድ ጥማድ ሲሶ ያህል። አምስት በአምስት የሆነ የጋራዥ ዘይት እዚያ ውስጥ ጠብታ ነው፣ ይጠፋል። ትልልቁን የዝቃጭ ሜዳ ግን ለመፈለግ ይረዳል። ለማሳ የሚሆነው ድሮን ላይ የሚጫን ካሜራ ነው። ካሜራው ውድ ነው፣ ድሮን ለማብረርም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁለቱም እስኪገኙ እጃችን ላይ ያለችው ይህች ናት። በእግር እየሄድን፣ ነጥብ በነጥብ።

(ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር። ሁሉንም አልጻፍኩትም።)

አንድ አባት ተነሱና "ልጄ፣ ሁሉንም ሰማንህ። ጎመኑን እንብላ አንብላ?" አሉኝ።

እንዲህ አልኳቸው፦ አባባ፣ ሳልለካ ብሉ ብልም አትብሉ ብልም ያው ያን ኃላፊ ነው የምሆነው። የማውቀውን ልንገርዎት። ማጠብ አቧራውንና ጀርሙን ይቀንሳል፣ አጥቦ ማብሰል ደግሞ ጀርሙን ይገድላል፣ አይተዉት። በሥር ገብቶ ቅጠሉ ውስጥ ያደረ ብረትን ግን ማጠብም ማብሰልም አያወጣውም። ቅጠሉ የሚበላ ነገር፣ ሰላጣና ቆስጣ፣ ፍሬው ከሚበላው ከቲማቲምና ከቃሪያ ይልቅ ብዙውን ጊዜ ብረት ይሰበስባል። ስለዚህ ጉድጓድ ውሃ ያለው ሰው ጉድጓዱን ለቅጠሉ ቢያደርገው፣ ከቦዩ አፍ አጠገብ ያለውን መሬት ደግሞ ለፍሬ ቢያደርገው የተሻለ ነው። ኑሮዎ እዚያ ማሳ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ተዉት ብዬ በባዶ እጄ አልመጣም።

"ይኼ ፋብሪካውን ለመክሰስ ይሆናል ወይ?" ያለ ወጣትም ነበረ። ካርታ ብቻውን አይሆንም አልኩት። ካርታው የጠቆመው ቦታ ላይ የተወሰደ ናሙና፣ ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደወሰደው፣ በማን እጅ እንዳለፈ ተጽፎ ሲገኝ ያኔ ክብደት ይኖረዋል። ማስታወሻ ደብተር ይዞ የሚመጣ ሰው እፈልጋለሁ አልኩት። እመጣለሁ አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከረፋዱ 4 ሰዓት ድልድዩ ላይ እንገናኛለን። ቦዩን ተከትለን እንወርዳለን። የማሳው ባለቤት ካልፈቀደ ማሳው ውስጥ አንገባም፣ ውጤቱንም መጀመሪያ የሚያየው ባለቤቱ ነው።

አዳራሹ ሊበተን ሲል ፉርኖውን በጣታቸው የለዩት እናት ወደ እኔ መጡ። ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን የሰፈሩን የሳተላይት ፎቶ ትንሽ ቆመው አዩት። መነጽር አላደረጉም፣ ተጠግተው ነው ያዩት። ከዚያ ቦዩ ወደ ቀኝ የሚታጠፍበትን ቦታ በጣታቸው ነኩ።

"እዚህች ጋ" አሉኝ፣ "እኔ ስተክል ሦስት ዓመት ሙሉ ቃሪያ እንቢ ብሎኛል። ወዲህም ወዲያም ይበቅላል፣ እዚህች ጋ ብቻ ይጫጫል። ክረምት ውሃው እዚህች ላይ ነው የሚተኛው።"

ፎቶው ላይ ቦታው ከሌላው በምንም አይለይም። እስክሪብቶ አውጥቼ ከበብኩት። የመጀመሪያዋ ናሙና የምትወሰደው ከእዚያ ነው።